ከስንብት ወረቀቱ ላይ ሜዳሊያ ጎድሏል? መጀመሪያ ቀኑን እዩ

በቬትናም የዘመተ የአሜሪካ ምድር ጦር አባል ዲዲ 214 የሚባለው የስንብት ወረቀት ላይ ሜዳሊያ የጎደለ ከመሰላችሁ፣ የወታደር መዝገብ ስህተት ወደሚያርመው የምድር ጦሩ ቦርድ ከመሮጣችሁ በፊት የተሰናበተበትን ቀን እዩ። ወረቀቱ የሚሞላው በስንብት ሰሞን ነው። ከዚያ በኋላ ለነበረበት የጦር ክፍል የተሰጠ ሽልማት በራሱ ጊዜ አይገባበትም። ለምሳሌ የደቡብ ቬትናም መንግሥት የጀግንነት መስቀል ከነዘንባባው እዚያ ለነበሩት የምድር ጦር ክፍሎች በጅምላ የጸናው እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው ጠቅላላ ትእዛዝ ቁጥር 8 ነው። በ1969 የተሰናበተ ሰው ወረቀት ላይ ከየት ይምጣ?

ስለዚህ ማመልከቻው ላይ የጀግንነት ታሪክ አታብዙ። የክፍሉን ስም፣ እዚያ የነበረበትን ጊዜና የትእዛዙን ቁጥር ቁጭ አድርጉ። የክፍሎቹ ሽልማት በምድር ጦሩ ፓምፍሌት 672-3 ተዘርዝሯል። ገጹን ኮፒ አድርጋችሁ፣ ባለቤቱ ወይም የቅርብ ቤተሰብ ከፈረመበት የወታደር መዝገብ መጠየቂያ ቅጽ ኤስኤፍ 180 ጋር ሴንት ሉዊስ ወዳለው ብሔራዊ የሠራተኞች መዝገብ ማዕከል ላኩ። ሠራተኛው የሚቀረው ማመሳከር ብቻ ነው፤ የሚሠራውም ለዚህ ነው።

እርማቱ ዲዲ 215 የሚባል ሌላ ወረቀት ሆኖ ይመጣል። አሮጌው ወረቀት እንዳለ ይቀጥላል፣ ሁለቱን አንድ ላይ ያዙ።

እንደ ሲልቨር ስታር (የውጊያ ጀግንነት ሜዳሊያ) ላሉ ለአንድ ሰው በግል ለሚሰጡ ሽልማቶች ግን ይህ መንገድ አያዋጣም። በስሙ የወጣ ትእዛዝ ያስፈልጋል። ከሌለና ጥያቄው ውድቅ ከሆነ ነው በቅጽ ዲዲ 149 ወደ ቦርዱ የሚኬደው።