አነስተኛ አምራች በካርት ሞተር ገበያ ቦታ የሚያገኝበት መንገድ

የካርት (ትንሽና ክፍት የውድድር መኪና) ሞተር መሥራት የሚፈልግ አነስተኛ ፋብሪካ አንድ ብር ከማውጣቱ በፊት በየትኛው የውድድር ምድብ እንደሚሰለፍ መወሰን አለበት። የኦስትሪያው ሮታክስ በ125 ማክስ፣ የአሜሪካው ብሪግስ ኤንድ ስትራተን ደግሞ ማኅተም በተደረገበት 206 ሞተሩ እንደሚያደርጉት፣ በአንዳንድ ምድቦች ሁሉም ተወዳዳሪ የአንድ ፋብሪካን ሞተር ብቻ ይጠቀማል፤ ወኪሉም ደንቡም የተዘረጋው በዚያው ሞተር ዙሪያ ስለሆነ፣ አዲስ ገቢ በእነዚህ ምድቦች ጉልበቱን እንዲጨርስ አልመክርም።

ለተለያዩ አምራቾች ክፍት የሆኑት በዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ደንብ የሚመሩት ኬዜድ እና ኦኬ የተባሉት ምድቦች ናቸው። ኬዜድ ባለ 125 ሲሲና ባለስድስት ማርሽ ሲሆን፣ ከፔዛሮ የተነሣው የጣሊያኑ ቲኤም በዚህ ምድብ ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ለመሆን የበቃው ግዙፍ ኩባንያ ሳይሆን ነው። ከ2016 ጀምሮ የሚሠራበት ኦኬ ክላች የለውም፤ የሞተሩም ዙር በደቂቃ ከ16,000 እንዳያልፍ ተገድቧል። ጣሪያው ለሁሉም እኩል በመሆኑ፣ አምራቹ መድከም ያለበት ለከፍተኛው የፈረስ ጉልበት ሳይሆን ካርቱ ከዝግተኛ ኩርባ ሲወጣ በመካከለኛ ዙር ለሚሰጠው ጉልበት ነው።

ሞተሩ በፌዴሬሽኑ ከተመዘገበ በኋላ ዋና ዋና ክፍሎቹን እንደ ልብ መቀየር አይቻልም። ስለዚህ የሲሊንደሩ የጋዝ መግቢያና መውጫ ቀዳዳዎች ቅርጽ፣ በብርድም በሙቀትም በትራክ ላይ ተፈትኖ ከምዝገባው በፊት ማለቅ አለበት።

ከሁሉም በላይ የማምንበት ግን የሞተሮቹ መመሳሰል ነው። ሲሊንደር በሻጋታ ሲወጣ ትንሽ ልዩነት አይቀርም፤ ያ ልዩነት እንደነዚህ ባሉ ሁለት ምት ሞተሮች (ፒስተኑ አንድ ጊዜ ወጥቶ በወረደ ቁጥር ጉልበት በሚሰጡ) ላይ በሰዓት መያዣ ይታያል፤ ገዢውም ጥሩው ሞተር ለፋብሪካው ቡድን ተመርጦ ቀርቷል ብሎ ይጠረጥራል። በዓመት ጥቂት ሞተር የሚሠራ ፋብሪካ እያንዳንዱን በኃይል መለኪያ ፈትኖ፣ የቀዳዳዎቹን ልክና የጉልበቱን ውጤት በወረቀት አስፍሮ ከሞተሩ ጋር ሊያስረክብ ይችላል፤ በብዛት ለሚያመርት ይህ እጅግ ከባድ ነው። ያው ወረቀት ለሞተር አዘጋጆችም (የነጂዎችን ሞተር ለውድድር ለሚያስተካክሉ ባለሙያዎች) ይድረስ፤ አብዛኛው ነጂ ሞተር የሚገዛው የራሱን አዘጋጅ ምክር ሰምቶ ነውና።

ዋጋ ሲነገርም የመግዣው ብቻ ሳይሆን የእድሳቱም ወጪ አብሮ ይቅረብ። ፒስተንና ሪንግ በጥቂት ሰዓታት ሩጫ የሚለወጡ ስለሆኑ፣ መለዋወጫ የጫነ አንድ መኪናና አንድ መካኒክ በየውድድሩ ቅዳሜ ጠዋት ትራኩ ላይ መገኘት አለባቸው።