ጋዜጠኝነት ልትማሩ ካሰባችሁ

ክፍል ውስጥ የምትማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ሥራ ስትገቡ ግን ዜና የምትጽፉት በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በሌላ የአገር ቋንቋ ነው። ብዙ ተመራቂ የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው፤ ቲዎሪውን ጥንቅቅ አድርጎ ያውቃል፣ አንድ አጭር ዜና ጻፍ ሲባል ግን እጁ ይተሳሰራል። ስለዚህ ዲፓርትመንት ከገባችሁበት ሳምንት ጀምሮ በምትሠሩበት ቋንቋ ጻፉ፣ መምህር እስኪያዛችሁ አትጠብቁ።

ምን ልጻፍ ካላችሁ ሰፈራችሁ አለላችሁ። አንድ ጉዳይ ያዙ፤ ውሃ ይሁን፣ ታክሲ ይሁን፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒት ይሁን፣ ብቻ አትልቀቁት። አንድ ነገር ላይ ወራት የቆየ ተማሪ ማን እውነቱን እንደሚናገር፣ ማን እንደሚሸፋፍን እየገባው ይመጣል።

አጻጻፍ ላይ የኛ ዜና አንድ ክፉ ልማድ አለው። «የክፍለ ከተማው አስተዳደር ከነዋሪዎች ጋር ውይይት አካሄደ» ብሎ ይጀምራል። እሺ ተወያዩ፣ እና? ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርሱ ከሰኞ ጀምሮ ሰፈሩ ውሃ የሚያገኘው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ መሆኑን ታነባላችሁ። ዜናው እኮ እሱ ነው! እሱን አናት ላይ አውጡት፣ ማን እንዳለው ጨምሩ፣ ውይይቱን ታች አንድ መስመር ስጡት። ከዚያ ጄሪካን ይዘው የተሰለፉትን እናት አናግሩ። «ብዙ ቆምኩ» ካሉ አትለፉት፤ ከስንት ሰዓት ጀምሮ? አንዱን ጄሪካን በስንት ብር እየገዙ?

የሚዲያ ሕግ ኮርስን ለፈተና ብቻ አታጥኑት። ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን የሚደነግገውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 29 እና የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013ን ራሳቸውን አውጥታችሁ አንብቡ፣ የመምህር ስላይድ አይበቃም። በተለይ አዋጅ 590/2000ን እወቁት፤ ከመንግሥት ቢሮ መረጃ የመጠየቅ መብት የሚሰጠው ለጋዜጠኛ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ሰው ነው። የጋዜጠኛ መታወቂያ ለሌለው ተማሪ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አስገቡ፣ ቀኑን አስፈርሙ፣ ኮፒውን ያዙ።

ለልምምድ ስትወጡ ከቻላችሁ ሬዲዮ ምረጡ። ጆሮ የማይቀበለውን ረጅም ዓረፍተ ነገር ቶሎ ያስጥላችኋል። ስብሰባ ላይ «ለትራንስፖርት» ተብሎ ፖስታ ሲዘረጋላችሁ ደግሞ አትቀበሉ፤ ያንን ብር የሰጣችሁን ሰው በማግስቱ ከባድ ጥያቄ መጠየቅ አትችሉም።

ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተናም አለ፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ከመጀመሪያው ኖታችሁን በየኮርሱ ለይታችሁ አስቀምጡ፣ ምክንያቱም መጨረሻው ዓመት ላይ የመመረቂያ ጽሑፉ ጊዜያችሁን ይበላዋል።