የአዲስ ቡችላ የመጀመሪያ ሌሊቶችና ወራት

ቡችላ ወደ አዲስ ቤት በገባበት ሌሊት ማልቀሱ አይቀርም። እስከዚያች ዕለት ድረስ ከእናቱ ጉያ ሳይርቅ፣ በወንድሞቹና በእኅቶቹ ሙቀት እየሞቀ ሲተኛ የኖረ እንስሳ በድንገት ብቻውን ጨለማ ውስጥ ሲቀር የሚያሰማው ጩኸት እናቱን የሚጠራበት ድምፅ ነው እንጂ እልህም ብልግናም አይደለም። በብዙ ግቢ ግን «ተውት፣ አልቅሶ ይወጣለታል፤ ካባበላችሁት ፈሪ ይሆናል፣ ለጥበቃም አይረባም» ሲባል ይሰማል። ምክሩ ስሕተት ነው። ውሻ ግቢ የሚጠብቀው የቤቱን ሰዎች የራሱ ወገን አድርጎ ከእንግዳ ስለሚለያቸው ነው፤ ይህም ወገንተኝነት የሚጠናከረው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲጨነቅ የሚደርስለት ሰው እንዳለ ሲያውቅ ነው። ስለዚህ ሌሊት ተነሥቶ ማየት ቡችላውን ማሞላቀቅ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።

ከሁሉ አስቀድሞ ዕድሜው መጣራት አለበት። ቡችላ ከእናቱ መለየት የሚገባው ቢያንስ 8 ሳምንት ሲሞላው ነው፤ በመንገድ ዳር በካርቶን ተይዘው የሚሸጡት ግን «ሁለት ወር ሞልቷቸዋል» እየተባለ ከዚያ ቀድመው ከእናታቸው የተነጠቁ ሊሆኑ ይችላሉ። አፉን ከፍቶ ማየት ይረዳል፤ በ8 ሳምንት ገደማ 28ቱም የወተት ጥርሶች ወጥተው ያልቃሉና የኋላዎቹ ገና ብቅ ብቅ እያሉ ከሆነ ሻጩ የተናገረው ዕድሜ አጠራጣሪ ነው። ቡችላውን የሚወስዱት ከእናቱ ሥር ከሆነ እናቲቱ የተኛችበትን ጨርቅ ቁራጭ አብረው ይጠይቁ፤ ሽታው ለጥቂት ሌሊቶች ያጽናናዋል። ሲያመጡትም ማታ ሳይሆን በማለዳ ቢሆን ይመረጣል፤ ከመጨለሙ በፊት ቦታውንና የሰዎቹን ድምፅ ለመልመድ ሙሉ ቀን ያገኛል።

የመኝታው ቦታ

ውሻ ወደ መኝታ ቤት ቀርቶ ወደ ሳሎንም እንዲገባ የማይፈቀድበት ቤት ብዙ ነው፤ ልማዱን መጣስም ግድ አይደለም። ዋናው ነገር ቡችላው ሰው በቅርብ መኖሩን መስማትና ማሽተት መቻሉ ነው። በሰርቪስ ቤቱ ወይም በማድ ቤቱ የሚያድር ሰው ካለ እዚያው አጠገቡ ማስተኛት ይቻላል፤ ከሌለም ከቤተሰቡ አንዱ ለመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ፍራሹን ይዞ ወደ ቡችላው ቢሄድ መልካም ነው። በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ከመኝታ ቤቱ በር አጠገብ ያለው ኮሪደር ይበቃል። ቡችላው ሲረጋጋ መኝታውን በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ትንሽ ትንሽ እያራቁ ወደ ቋሚ ማደሪያው ማድረስ ነው።

ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ክፍት በረንዳ ላይ መተው በደጋ ከተሞች አደጋ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል፤ የሁለት ወር ቡችላ ደግሞ እንደ ትልቅ ውሻ ብርዱን አይችልም። ጅብ በሚዘዋወርባቸው የከተማ ዳርቻዎች ከሆነ፣ በር በሌለው ማደሪያ ውስጥ የሚያለቅስ ቡችላ እስኪነጋ መትረፉም ያጠራጥራል።

ማደሪያው ውድ መሆን አያስፈልገውም። ቆሞ ለመዞርና ተዘርግቶ ለመተኛት የሚበቃ ጠንካራ ካርቶን ወይም የእንጨት ሳጥን፣ ከሥሩ ጋዜጣ፣ ከላይ አሮጌ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ከተነጠፈበት በቂ ነው። ሳጥኑ እጅግ ሰፊ ከሆነ ቡችላው በአንዱ ጥግ ተኝቶ በሌላው ስለሚሸና መጠኑን ጠበብ ማድረግ ይመረጣል። በአንድ ሃይላንድ ሞቅ ያለ፣ ግን ያልፈላ ውኃ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በወፍራም ካልሲ ውስጥ ከትቶ በመኝታው አንድ ወገን ማስቀመጥ የጎደለውን የእናት ሙቀት በከፊል ይተካል፤ ሙቀቱ ሲበዛበት ፈቀቅ የሚልበት ቦታ ግን ሊተውለት ይገባል። ትርታው የእናቱን የልብ ምት ያስመስላል በሚል ሰዓት በጨርቅ ጠቅልለው የሚያስቀምጡም አሉ። ጉዳት የለውም፤ ከሙቀቱና ከሰው ቅርበት ግን አይበልጥም።

ሌሊቱን ማሳለፍ

የመጨረሻውን ምግብ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ይስጡት፤ ከዚያ ጥቂት አጫውተው፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ሊተኙ ሲሉ ወደ ደጅ አውጥተው እስኪሸና ይጠብቁ። ቡችላ ሽንቱን የሚይዝበት ጊዜ በግምት የሚሰላው በወር የተቆጠረው ዕድሜው ላይ አንድ በመደመር ነው፤ የሁለት ወር ከሆነ ሦስት ሰዓት ያህል መያዝ ይችላል ማለት ነው፣ ያውም ቢበዛ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማንቂያ ደወል ከሌሊቱ 7 ሰዓትና 10 ሰዓት ላይ ሞልቶ፣ እሱ አልቅሶ ከመቀስቀሱ በፊት ማውጣት ይሻላል። ሲያወጡት ብዙ አያናግሩት፣ አያጫውቱት፣ ኃይለኛ መብራትም አያብሩ፤ ሲጨርስ በለሰለሰ ድምፅ አመስግነው ወደ መኝታው ይመልሱት። ሌሊት የመጫወቻ ሰዓት አለመሆኑን የሚማረው በዚህ ነው።

ልቅሶውን መለየትም ያስፈልጋል። ገና እንደተኛ የሚያሰማው ማላዘን የብቸኝነት ስለሆነ እጅን ወደ ሳጥኑ ሰድዶ ጥቂት መዳሰስ ይበቃዋል፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ተኝቶ በድንገት ነቅቶ የሚያለቅስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሽንቱ መጥቶበት ነው። ጎሕ ሳይቀድ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ወይም አዛን ሲሰማ የሰፈሩ ውሾች በሙሉ አብረው ሲያላዝኑ ቡችላውም ሊቀላቀላቸው ይችላል፤ ስለዚህ አይቆጡት፣ ከጊዜ በኋላ ይለምደዋል። ሳይሸና ያደረበት ሰዓት እየጨመረ ሲሄድ ደወሉን በየጥቂት ቀናት በግማሽ ሰዓት ያራዝሙት። ብዙዎቹ በአራተኛው ወር ገደማ ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ይጀምራሉ።

ቀን ላይ ደግሞ ከእንቅልፉ ሲነሣ፣ ከበላ በኋላ በሩብ ወይም በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ እንዲሁም ጨዋታ ሲያበቃ ወደዚያው ወደ አንድ የተመረጠ ቦታ ይውሰዱት፤ እንደሸናም ወዲያውኑ ያመስግኑት። ቤት ውስጥ ሲሸና አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት የሚያስተምረው ሰው ሲያይ ተደብቆ መሽናትን ብቻ ነው። ወለሉን በሳሙናና በውኃ ካጠቡ በኋላ በአቼቶ መወልወል ሽታውን ይቀንሳል፤ በረኪና ግን ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚያፍን ጋዝ ስለሚፈጥር ሽንቱ ሳይታጠብ አይደፋበትም።

ምግቡና ጤናው

እስከ አራት ወሩ በቀን አራት ጊዜ፣ ከዚያ እስከ ስድስት ወሩ ሦስት ጊዜ ይመገባል። የቤት ትርፍራፊ ፍትፍት ለቡችላ የማይስማማው በርበሬው ስለሚያቃጥለው ብቻ አይደለም፤ በወጡ ውስጥ በብዛት የሚገባው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል። የዶሮ ወጥ አጥንትም ስለበሰለ እየተሰነጠረ አንጀት ይወጋል። የላም ወተት ብዙዎቹን ያስቀምጣል። ያለ ቅመም የተቀቀለ ሩዝ ከሥጋና ከእንቁላል ጋር ለጊዜው ይሆናል፤ ሥጋና ሩዝ ብቻ ለወራት የሚበላ ቡችላ ግን ካልሲየም አጥቶ እግሩ ሊጎብጥ ስለሚችል፣ ለቡችላ የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ መቀላቀል ወይም የካልሲየሙን መጠን ከእንስሳት ሐኪም መጠየቅ ያሻል። በዐቢይ ጾም ደግሞ የቤቱ ማዕድ ለ55 ቀናት ከሥጋና ከእንቁላል ስለሚርቅ ቡችላው አብሮ እንዳይጾም የእሱ ድርሻ አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል። ጾሙ ተፈትቶ በግ ሲታረድ የሚመጣው አደጋ ሌላ ነው፤ ፈሳሽ የቋጠረ ጉበት ወይም ሳንባ ጥሬውን ለውሻ መወርወር ውሻውን በትል ያስይዘዋል፣ ከዓይነ ምድሩ ጋር የሚወጣው የትል እንቁላልም ወደ ሰው ተላልፎ በጉበትና በሳንባ ላይ ትልልቅ የፈሳሽ ቋጠሮዎችን ያበቅላል። እንዲህ ያለው ሆድ ዕቃ መቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት መቀበር አለበት።

ቡችላ ትል ይዞ ሊወለድ ስለሚችል የትል መድኃኒት የሚጀመረው ገና በሁለት ሳምንቱ ነው፤ የወሰዱት ቡችላ እንዳልተሰጠው ቆጥረው በመጀመሪያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ፓርቮና ዲስተምፐር የተባሉት የውሻ የቫይረስ በሽታዎች ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ተጀምሮ 16 ሳምንት እስኪሞላው ድረስ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ይደገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወሩ ተሰጥቶ በዓመቱ ይደገማል። ለከብትና ለበግ በሚረጭ መድኃኒት ቁንጫና መዥገር ለማስለቀቅ መሞከር ቡችላውን ሊገድለው ይችላል። ታሪኩ የማይታወቅ ቡችላ ሰውን ነክሶ ቢያደማ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግዴታ ነው፤ የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ ማዳን ስለማይቻል በባህል መድኃኒት ቀን ማሳለፍ አይገባም።

ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ድረስ ያለው ጊዜ ቡችላ ዓለምን የሚለምድበት ነው። ክትባቱ እስኪያልቅ የፓርቮ ቫይረስ በአፈር ላይ ለወራት ስለሚቆይ መንገድ ላይ አያውርዱት፤ ታቅፈው ግን ሕፃናትን፣ ጃንጥላ የያዘ ሰውን፣ ባጃጅንና በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብን ያስለምዱት። «ኃይለኛ እንዲሆን» ተብሎ በዚህ ዕድሜው በሰንሰለት የሚታሰር ቡችላ ለይቶ የሚጠብቅ ውሻ መሆኑ ቀርቶ በሚያልፈው ሁሉ ላይ በፍርሃት የሚጮኽ ይሆናል።

ከአራተኛው ወር ጀምሮ ጥርሱን ሲለውጥ ጫማና የጠረጴዛ እግር ማኘክ ይበረታበታል። በእርጥቡ ተቋጥሮ በማቀዝቀዣ ውስጥ የቆየ ጨርቅ ድዱን ያበርድለታል፤ እጅ ሲነክስ ደግሞ ጨዋታውን ወዲያው አቁሞ ዞር ማለት ከመምታት ይበልጥ ይሠራል። ሰባት ወር ሲሞላው 42ቱም ቋሚ ጥርሶች ሊኖሩት ይገባል፤ የወተት ክራንቻው ሳይወድቅ አዲሱ አጠገቡ በቅሎ ካዩ እንዲነቀል ለሐኪም ያሳዩት።