የአንድ አማተር የቴኒስ ተጫዋች ታሪክ እንዴት ይጻፋል? አንቶኒ ዊልዲንግ እንደ ምሳሌ

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ስለነበረ ባለጸጋ አማተር የቴኒስ ተጫዋች የሚጽፍ ሰው ዋንጫዎቹን ከመቁጠሩ በፊት የተገኙበትን ሕግ ይመርምር። የኒውዚላንዱ አንቶኒ ዊልዲንግ እ.ኤ.አ. ከ1910 እስከ 1913 ዊምብልደንን በነጠላ በተከታታይ አሸንፏል፤ ነገር ግን «4 ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ» ብሎ ማለፍ፣ እውነት ቢሆንም፣ አንባቢን ያሳስታል። በዚያ ዘመን «ቻሌንጅ ራውንድ» በተባለው ሥርዓት ያለፈው ዓመት አሸናፊ በየዙሩ አይሰለፍም ነበር፤ ሌሎቹ እርስ በርስ ተጫውተው ከመካከላቸው የመጨረሻውን ድል ያገኘውን አንድ ሰው ብቻ ይገጥም ነበር። ስለዚህ ዊልዲንግ በ1910 ዙሮቹን ሁሉ አልፎ ያለፈውን ዓመት አሸናፊ አርተር ጎርን ካሸነፈ በኋላ፣ የቀሩትን 3 ድሎች በየዓመቱ አንድ የነጠላ ጨዋታ ብቻ በማድረግ አግኝቷል። በዚህ ምክንያት ድሎቹን ማሳነስ ግን ፍትሐዊ አይደለም፤ በ1913 በኃይለኛ ሰርቩ (ጨዋታውን በሚያስጀምረው ምቱ) የታወቀውን አሜሪካዊ ሞሪስ ማክላውሊንን 8 ለ 6፣ 6 ለ 3 እና 10 ለ 8 ረትቷል። ሥርዓቱ በ1922 ስለቀረ፣ ከዚያ በኋላ ከመጡ ሻምፒዮናዎች ጋር ሲያነጻጽሩ ልዩነቱን በግልጽ ያስቀምጡ።

ቀጥሎ ወጪውን ማን እንደሸፈነ ይጠይቁ። በዚያ ዘመን አማተር የገንዘብ ሽልማት መቀበል ስለማይፈቀድለት፣ የቤተሰብ ሀብት የታሪኩ ዋና ክፍል ነው። የዊልዲንግ አባት በክራይስትቸርች ጠበቃ ነበር፤ በቤታቸውም የቴኒስ ሜዳ ነበራቸው። ልጁ በካምብሪጅ ተምሮ፣ በሞተር ብስክሌት ከአንዱ የአውሮፓ ውድድር ወደ ሌላው ይጓዝ ነበር። እኔ ይህን በመግቢያው ብቻ ጠቅሶ መተው ትክክል አይመስለኝም፤ ጊዜና ገንዘብ ባይኖረው ኖሮ በ1913 በዊምብልደን ሣር፣ በፓሪስ ሸክላ አፈርና በስቶክሆልም የቤት ውስጥ ሜዳ ሦስቱንም ታላላቅ ውድድሮች ሊያሸንፍ ባልቻለ ነበር። የፓሪሱ ውድድር ስሙ «ሃርድ ኮርት» (ጠንካራ ሜዳ) ቢሆንም ሜዳው የሸክላ አፈር እንደነበረ ማስረዳት ያስፈልጋል።

የአገራት ቡድኖች በሚወዳደሩበት በዴቪስ ካፕ ደግሞ የቡድኑን ስም ያስተውሉ። ዊልዲንግና አውስትራሊያዊው ኖርማን ብሩክስ በ1907፣ በ1908፣ በ1909 እና በ1914 ዋንጫውን ያነሡት አውስትራሊያንና ኒውዚላንድን በአንድነት በወከለው «አውስትራሌዢያ» ስም እንጂ በአውስትራሊያ ስም ብቻ አልነበረም። በ1914 ዊልዲንግን በዊምብልደን አሸንፎ ማዕረጉን የወሰደበትም ይኸው የቡድን ጓደኛው ብሩክስ ነው።

ዊልዲንግ እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 1915 በፈረንሳይ ኑቭ ሻፔል አካባቢ በጦር ግንባር ሲሞት ዕድሜው 31 ነበር። ቢኖር ኖሮ ስንት ዋንጫ ባነሣ ነበር ወደሚል ግምት ሳይገቡ፣ የመጨረሻዎቹን ግጥሚያዎቹን በቀናቸውና በውጤታቸው መዝግበው ጽሑፉን እዚያ ይዝጉ።