ውሃው በየት ነው የሚገባው?

የእናቴ ቤት አዲስ አበባ፣ ግንፍሌ ወንዝ ዳር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ነሐሴ ላይ፣ ሌሊት ጎርፍ ገባብን። እኛ ሰፈር ካፊያ ቢጤ ነበር፤ ዶፉ የወረደው እንጦጦ ላይ ነው። እኔና ወንድሜ በሩ ሥር ብርድ ልብስ ስንጠቀጥቅ ከኋላችን ጉር ጉር የሚል ድምፅ ሰማን። የሽንት ቤቱ ወለል ላይ ያለችው የውሃ መውረጃ ቀዳዳ ጥቁር ውሃ ትተፋለች። የእናቴ ነጠላ ጫማ ተንሳፍፎ ሳሎን ድረስ መጣ። ሲነጋ ግድግዳው ላይ የቀረው የጭቃ መስመር ጉልበቴ ጋ ይደርስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ገባኝ። ውሃን ከመከልከል በፊት መሄጃ መስጠት ይቀድማል። ለዚህ ደግሞ ሐምሌ አይጠበቅም፤ ሥራው የግንቦት ነው።

ዝናብ ጣል ሲያደርግ ጃንጥላና ቦቲ ይዛችሁ ግቢውን ዙሩ። ውሃው ከየት መጥቶ የት እንደሚቆም በዓይናችሁ እዩ። እኛ ጓሮ የሚጠራቀመው ከጎረቤት ጣሪያ የሚወርደው ነበር። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። 40 ካሬ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 1,200 ሊትር፣ ስድስት በርሜል ማለት ነው። ያ ሁሉ የሚፈሰው የጭቃ ግድግዳችን ሥር ነው። የጭቃ ቤት ደግሞ እግሩ ከራሰ ይናዳል።

"ጋሼ፣ የእርስዎ ጣሪያ ውሃ እኛ ጓሮ ነው የሚያርፈው" አልኳቸው።

"እኔ መች አየሁት ልጄ!"

በሳምንቱ ከወንድሜ ጋር አሸንዳ ገጠሙ፤ ቱቦውን እስከ መንገዱ ቦይ ወሰዱት። ቦዩንም ከሰፈሩ ልጆች ጋር ጠረግነው። የሞላው ሃይላንድና ፌስታል ብቻ ነው። የወጣውን ደለል ግን ዳር ላይ አትከምሩት፤ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል።

ቀጥሎ ደፉ ነው። አንድ ረድፍ ብሎኬት አስደርድረን በሲሚንቶ አስለሰንነው፤ 20 ሳንቲም ከፍ አለ። እናቴ እንዳትሰናከል በውስጥም በውጭም ደረጃ አሠራንለት።

ባዶ ማዳበሪያም አስቀምጡ። አሸዋውን ከግማሽ ትንሽ አሳልፉት እንጂ ጢም አታድርጉት፤ ከተድበለበለ መሃሉ ክፍተት ይተዋል። መሬቱ ላይ ላስቲክ አንጥፉ። የማዳበሪያውን አፍ ወደ ሥር አጥፉና እንደ ብሎኬት አንዱን በሁለቱ መጋጠሚያ ላይ ደርድሩ፤ ከዚያ በእግር ርገጡት። አንዱን ማዳበሪያ ለሽንት ቤቷ ቀዳዳ አስቀሩ። ከታች ላስቲክ፣ ከላይ ማዳበሪያ። እኛ ያን ሌሊት ያጣነው ይህንን ነው።

መብራት ወለሉ ገና ደረቅ ሳለ ከቆጣሪው ይጥፋ። ውሃ ውስጥ ቆማችሁ ብሬከር አትንኩ፤ እባካችሁ። ዲቫይደር ክረምቱን መሬት ላይ አይዋል። ፍሪጁን ብሎኬት ላይ አውጡት። የቤት ካርታና መታወቂያ በሁለት ፌስታል ተቋጥሮ ከፍ ያለ ምስማር ላይ ይሰቀል።

ይህ ሁሉ ግን የሚረዳው ለትንሽ ውሃ ነው። ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ሞልቶ ወጣና ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ስለዚህ ወንዙ ድንጋይ እያንከባለለ ሲጮህ ከሰማችሁ፣ ወይም ግድግዳው ማበጥ ከጀመረ፣ ዕቃ አትቁጠሩ። ልጆችንና አዛውንቶችን ይዛችሁ ወደ ላይ ውጡ። በፍጥነት የሚሄድ ውሃ ከቁርጭምጭሚት ብዙም ሳያልፍ አዋቂ ሰው ይጥላል። አዲስ አበባ ያላችሁ ለእሳትና አደጋ በ939 ደውሉ።

ውሃው ሲወጣ ጭቃውን እርጥብ እያለ ዝቁ፤ ከደረቀ ያስቸግራል። ወለሉን በረኪና በገባበት ውሃ እጠቡት። ጎርፍ የነካው እህል ይጣል። እናቴ የጤፉን ማዳበሪያ "ከላይ ያለው ደህና ነው" ብላ ልታተርፍ ነበር። ያ ውሃ ከሽንት ቤት የመጣ ነው ብዬ እያዘነች ደፋነው።

ግድግዳው ቶሎ አይቀባ፤ እርጥበቱ ከታፈነ ቀለሙ ይላጣል፣ ጭቃውም ይበሰብሳል። እናቴ ለእንቁጣጣሽ ካልተቀባ ብላ ነበር። መስኮትና በሩን ከፍተን የጥቅምትን ፀሐይ ጠበቅን፤ የቀባነው ለገና ነው።