ሃሪኬንም ያገረሻል፦ አሜሪካ ለምትገቡ የሰሜን ሸዋ ልጆች

ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃን፣ አክስቴ ቤት ሆኜ ነው። ነሐሴ ነው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። የአክስቴ ልጅ ዲቪ ደርሷት ቪዛዋ ተመቶላታል፤ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ሂዩስተን ትገባለች። እኔም የምኖረው እዚያው ነው፤ ለእረፍት መጥቼ ነው።

ትናንት ማታ ስልኬ ላይ የካሪቢያን ባሕርን ካርታ ሳይ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ካርታው ላይ ከኩባ በታች ቢጫ የተቀባች ቦታ ነበረች። «ምንድን ነው?» አለችኝ። የፈረሰ ማዕበል ርዝራዥ ነው አልኳት። «ከፈረሰ ታዲያ ለምን ትከታተለዋለህ?»

እኔም አዲስ ገብ ሳለሁ የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። የሚመልስልኝ ሰው ስላላገኘሁ በውድ ዋጋ ተማርኩት። ለእሷ የነገርኳትን ለሁላችሁም ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ወቅቱን እወቁ። ሃሪኬን ማለት ከሞቀ ባሕር ላይ የሚነሳ፣ ነፋስና ዝናብ ያዘለ ኃይለኛ ማዕበል ነው። የአትላንቲክ የሃሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 24 ገብቶ በኅዳር ጽዮን ዕለት ይወጣል። የሚከፋው ሴፕቴምበር 10 አካባቢ ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማለት ነው። እዚህ ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ፣ እዚያ ባሕሩ ሞቆ ሞቆ ጫፍ የደረሰበት ጊዜ ነው። መስከረም ላይ ሻንጣችሁን ይዛችሁ ስትገቡ መሀሉ ላይ ነው የምትገቡት።

ነገሩ ከእኛ ሰማይም የራቀ አይደለም። በየዓመቱ ወደ 60 የሚጠጉ የአየር ሞገዶች ከአፍሪካ ተነስተው በምዕራብ በኩል አትላንቲክ ላይ ይወጣሉ። ብዙ ተመራማሪዎች የሞገዶቹን መነሻ ከኢትዮጵያ ከፍታዎችና ከዳርፉር ተራሮች ጋር ያያይዙታል። አብዛኞቹ ባሕር ላይ ተበትነው ይቀራሉ። ከአትላንቲክ ኃይለኛ ሃሪኬኖች አብዛኞቹ ግን የሚወለዱት ከእነዚሁ ሞገዶች ነው። ይህን ስነግራት አክስቴ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። «የእኛው ደመና ነዋ!» አለች።

አሁን ወደ ጥያቄዋ ልመለስ። «ማዕበሉ ፈረሰ» ሲባል ምን ማለት ነው? ሃሪኬን መሀል አለው፤ ነፋሱ ያንን መሀል ከቦ ይሽከረከራል። ደረቅ አየር ሲገባበት፣ ከላይ ያለው ነፋስ ሲገፋው ወይም የብስ ላይ ሲወጣ መሀሉ ይፈርሳል። ያኔ ስሙ ከዜና ይወርዳል። ደመናውና በውስጡ ያዘለው ውሃ ግን የትም አልሄደም። መንገዱን ይቀጥላል። ከ26 ዲግሪ በላይ የሞቀ ባሕር ካገኘና ከላይ የሚገፋው ነፋስ ከበረደለት እንደገና መሀል ያበጃል። ሸዋ ሮቢት ሄዶ ወባ ይዞት የመጣ ሰው ያስታመማችሁ ይህ አይጠፋችሁም። ትኩሳቱ ለቀቀው ማለት ዳነ ማለት አይደለም። ያገረሻል።

እ.ኤ.አ. በ2017 ሃርቪ ያደረገው ይህንኑ ነው። ኦገስት 17 ስም ወጣለት፤ በባርቤዶስ በኩል አድርጎ ካሪቢያን ገባ። ኦገስት 19 ፈረሰ ተባለ። እኔ ሂዩስተን ከገባሁ ገና ሦስት ወሬ ነበር። ዜናውን ሰምቼ ተመስገን ብዬ ስልኬን ዘጋሁ፤ ከዚያ በኋላም አልተከታተልኩም። ኦገስት 23 የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ አገረሸ። ኦገስት 25 ማታ ካቴጎሪ 4 (ከአምስቱ የነፋስ ደረጃዎች አራተኛው) ሆኖ ቴክሳስ ሮክፖርት አጠገብ ወጣ። ካገረሸ በሦስተኛው ቀን ማለት ነው። ከዚያ አልሄድ አለ። እዚያው ቆሞ ለቀናት ዘነበ። ኔደርላንድ በምትባል የቴክሳስ ከተማ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ዝናብ ተለካ። ደብረ ብርሃን በዓመት የምታገኘው ዝናብ እንኳ እዚህ አይደርስም።

ያን ሌሊት አልረሳውም። እኔ ሁለተኛ ፎቅ ነበርኩ። ከታች የመንዝ ሴት ነበሩ፤ እትዬ ነው የምላቸው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት በሬን አንኳኩ። ወርጄ ሳይ ውሃው በበራቸው ስር ድምፅ ሳያሰማ ይገባል፤ ምንጣፉ ሲረገጥ ይንቦጫረቃል። ፓስፖርታቸውንና ግሪን ካርዳቸውን በእንጀራ ፌስታል ጠቅልለው ቀድመው ደረታቸው ውስጥ ከተውታል። ጤፉን፣ ጀበናውንና የልጆቻቸውን ፎቶ ይዘን ወጣን። በመስኮት ወደ ፓርኪንጉ አየሁ። መኪናዬ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ናት። ውሃው መስታወቷ ጋ ደርሷል። ሰው ሳይነካት መብራቷ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል። ከዚያ አንዴ ጠፍቶ ቀረ።

መኪናዋን የገዛሁት ሦስት ወር ሙሉ ሠርቼ ነው። ከኢንሹራንሱ አንድ ሳንቲም አላገኘሁም። የሸጠልኝ ሰው ርካሹን ሰጠኝ፤ ርካሹ ምን እንደማይሸፍን ግን አልነገረኝም። እናንተ እወቁት። ላያቢሊቲ ብቻ ከሆነ የገዛችሁት፣ የሚከፍለው እናንተ በሌላ ሰው ላይ ላደረሳችሁት ጉዳት ነው። ጎርፍ የሚሸፍነው ኮምፕሪሄንሲቭ የሚባለው ነው። የቤቱም እንዲሁ ነው። የተከራይ ኢንሹራንስ በተለምዶ ጎርፍ አይሸፍንም፤ የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው ይገዛል። ተከራይም ለዕቃው መግዛት ይችላል። ግን በመንግሥት የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራም ከገዛችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ነው። ማዕበሉ ካርታ ላይ ከታየ በኋላ ብትሮጡ አይደርስላችሁም። ስለዚህ ቤት በተከራያችሁ ሰሞን ጨርሱት።

ማገርሸቱ የሃርቪ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 አይቫን ሴፕቴምበር 16 አላባማ ላይ ወጣ። ርዝራዡ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሄዶ አትላንቲክ ደረሰ። ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፎ በፍሎሪዳ ላይ አቋርጦ ባሕረ ሰላጤው ተመልሶ ገባ። እዚያ በዚያው ስሙ አገረሸ፤ ሴፕቴምበር 24 ሉዊዚያና ዳርቻ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2001 አሊሰን ደግሞ ሃሪኬን እንኳ ሆኖ አያውቅም። ሂዩስተንን አልፎ ከሄደ በኋላ ተመልሶ መጣና ከተማዋን በጎርፍ አጥለቀለቃት። ጉዳቱ ከባድ ስለነበረ ስሙ ለዘለዓለም ከማዕበል ስሞች ዝርዝር ወጣ። ስለዚህ «ትሮፒካል ስቶርም (ነፋሱ ከሃሪኬን ያነሰ ማዕበል) ብቻ ነው» የሚላችሁን አትስሙ። ካቴጎሪ የሚለካው ነፋስን ነው። ስለ ዝናቡ የሚለው ነገር የለም።

ካርታውን ማንበብ ቀላል ነው። የብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከልን ገጽ ክፈቱ። ቢጫ ማለት በሰባት ቀን ውስጥ ማዕበል የመሆን ዕድሉ ከ40 በመቶ በታች ነው። ብርቱካናማ ከ40 እስከ 60፣ ቀይ ከዚያ በላይ ነው። የኤክስ ምልክት ካለ ነገሩ አሁን ያለው እዚያ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የተቀባው ቦታ ማዕበሉ ሊፈጠር የሚችልበት ነው እንጂ የሚመታው ቦታ አይደለም። ቴሌግራም ላይ «ሂዩስተን ቀይ ውስጥ ገባች» እያሉ ሰው የሚያስደነግጡ አሉ፤ ካርታውን ራሳችሁ እዩ። ማዕበሉ ከተፈጠረ በኋላ የምታዩት ሾጣጣ ቅርጽ ደግሞ መሀሉ ሊሄድበት የሚችለው መንገድ ነው። ዝናቡና ነፋሱ ከቅርጹ ውጭም ይደርሳል።

ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ሰሜን ካሮላይና ወይም ኒው ዮርክ የምትገቡ ደግሞ «እኔ ከባሕር ሩቅ ነኝ» እንዳትሉ። ሸዋ ሮቢት ፀሐይ እያለ ደብረ ሲና ላይ ዘንቦ ደራሽ ሲመጣ አይታችኋል ወይም ሰምታችኋል። ርዝራዥ እንደዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሄሊን ፍሎሪዳ ላይ በወጣ ማግሥት የሰሜን ካሮላይናን ተራሮች አጥለቀለቀ። አሽቪል ልክ እንደ እኛ የተራራ አገር ናት፤ የሃሪኬን አገር ነኝ ብላ አታውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 አይዳ ሉዊዚያና ላይ ከወጣ ከሦስት ቀን በኋላ ርዝራዡ ኒው ዮርክ ደረሰ። 11 ሰዎች ቤዝመንት (ከምድር በታች ያለ ቤት) ውስጥ እንዳሉ ውሃ ገብቶባቸው ሞቱ። ብዙዎቹ እንደ እኛ ከሌላ አገር የመጡ ነበሩ። ቤዝመንት ኪራዩ ይረክሳል፤ አውቃለሁ፤ እኔም ብሆን እገባበት ነበር። ከገባችሁ ግን ሁለት መውጫ እንዳለው አረጋግጡ። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ በመጣ ሌሊት ፎቅ ላይ ያለ ጎረቤት ጋ እደሩ።

ርዝራዡ የብስ ውስጥ ከገባ በኋላ የሃሪኬን ማዕከሉ ካርታ ላይ ላታገኙት ትችላላችሁ። ጉዳዩ ለሌላ መሥሪያ ቤት ይተላለፋል። ያኔ የምታዩት የከተማችሁን የአየር ትንበያ ቢሮ ነው። ስልካችሁ ድንገት የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሲጮህ ደግሞ ድምፁ ያናድዳል ብላችሁ አታጥፉት። ሌሊት የሚቀሰቅሳችሁ እሱ ብቻ ነው።

ውሃ ባለበት መንገድ አትንዱ። 30 ሳንቲ ሜትር ውሃ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ሂዩስተን ሜዳ ናት፤ መጀመሪያ የሚሞላው በድልድይ ስር የሚያልፈው መንገድ ነው።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። መብራት ጠፍቶ ቀናት ሲቆይ ቡና ያምረናል። ከሰል ቤት ውስጥ እንዳታቀጣጥሉ። አክስቴ አሁን እዚህ ማንደጃውን አስገብታለች፤ ግን በሩን ገርበብ አድርጋዋለች፣ ጣሪያውም ያስተነፍሳል። እንዲያም ሆኖ ከሰል የመታው ሰው በየሰፈሩ አለ። የአሜሪካ አፓርታማ ደግሞ እንደ ጠርሙስ የተከደነ ነው። ከሰሉ የሚያወጣው መርዘኛ ጋዝ ሳይታያችሁ፣ ሳይሸታችሁ ይገድላል። ጄኔሬተርም እንዲሁ ነው፤ ከቤት ቢያንስ ስድስት ሜትር ርቆ ውጭ ይቀመጥ።

ወረቀቶቻችሁን እንደ እትዬ አስቀድማችሁ ጠቅልሉ። ትራንስክሪፕትና የልደት ሰርተፍኬት ከኢትዮጵያ እንደገና ማስወጣት ምን ያህል እንደሚያንከራትት ታውቃላችሁ። ዕቃችሁ ከተበላሸ ሳትጥሉት በፊት ፎቶ አንሱ። ፊማ ለሚባለው፣ አደጋ ለደረሰበት ሰው እርዳታ ለሚሰጠው የመንግሥት ድርጅት ማመልከት በነፃ ነው፤ ግሪን ካርድ ያለውም ማመልከት ይችላል። አስተርጓሚ ስትፈልጉ «አምሃሪክ» በሉ።

ቤተሰብን በተመለከተ፣ እናቶቻችን ሃሪኬን የሚለውን ቃል ሲሰሙ እንቅልፍ ያጣሉ። ከአክስቴ ጋር መላ አበጀን። ማዕከሉ ትንበያውን በቀን አራት ጊዜ ያወጣል። በእኛ ሰዓት ሲቆጠር ጠዋት 3፣ ቀን 9፣ ማታ 3 እና ሌሊት 9 ላይ ነው። ልጅቷ ካርታውን በእናቷ ስልክ ላይ አስቀመጠችላት፤ ቀለሞቹን አስጠናቻት። አክስቴም ፌስቡክ ላይ የሚወራውን ትታ ይህን ብቻ ልታይ ተስማማች፤ የሌሊቱን ግን እንድትተኛበት አስማልናት።

ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን የጠራችን ራሷ አክስቴ ናት። ቢጫው ብርቱካናማ ሆኗል። 50 በመቶ ይላል። ሂዩስተን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ስለሆነ ባለቤቴን አልቀሰቀስኳትም። ስትነሳ እንድታየው ጻፍኩላት፦ «ቤንዚን ሙዪ፤ መኪናዋን ከታችኛው ፓርኪንግ አውጪያት።»