የጻፋችሁትን በጆሯችሁ አርሙት

ለምትጽፉ ሁሉ አንዲት ነገር ላካፍላችሁ። የጻፋችሁትን ለሰው ከማሳየታችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡና በስልካችሁ ቅዱት። ከዚያ አዳምጡት።

እኔ የማዳምጠው እዚሁ ሐዋሳ፣ ጠዋት ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል አካባቢ ስንቀሳቀስ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣ ያወርዳሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ትርፍራፊ ይጠብቃሉ፣ እኔ በኢርፎን የራሴን ድምፅ እሰማለሁ። መጀመሪያ ያሳፍራል፤ ትለምዱታላችሁ።

አማርኛ ግሱን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። «ትናንት ባጃጅ አጥቼ በእግሬ እየሄድኩ ሳለ ዝናብ ስለመጣ የተጠለልኩበት ሱቅ ባለቤት...» እያላችሁ ስትቀጥሉ፣ አንባቢው ሰውየው ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ትንፋሹ ያልቃል። ዓይን ይህን ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ ጆሮ ግን አያልፍም። ትንፋሽ ያጠራችሁ ቦታ ላይ አራት ነጥብ አድርጉ። «ትናንት ባጃጅ አጣሁ። በእግሬ ስሄድ ዝናብ መጣ። አንድ ሱቅ ተጠለልኩ። ባለሱቁ ወንበር ሰጠኝ።» በቃ።

በጽሑፋችሁ ውስጥ ያሉ ሰዎች ንግግርም እንደዚሁ ነው። «ወራጅ አለ!» የሚለውን ሰው «እባክዎ መውረድ እፈልጋለሁ» አታስብሉት።

የሚደጋገም ቃልም ወዲያው ይጋለጣል። ባለፈው አንድ ገጽ ላይ «ሆኖም ግን» 6 ጊዜ ስል ራሴን ሰማሁት። 5ቱን አጠፋሁ።